ዋሻው ደጃፍ የቆመው ሰውዬ

ላውንድሪ ቤቱ ውስጥ ሸሚዝ የምትተኩሰውን ሴት፣ መጽሐፍ ከእጇ ስለማይጠፋ፣ "ፕሮፌሰር" ይሏታል። ከጠዋት ጀምራ ካውያ ይዛ ተገትራ ትውልና፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ የአንሶላ ክምር ላይ ጋደም ብላ ስለ ዘንዶና ስለ ሌላ ዓለም ታነባለች።

"በዚህ ዕድሜሽ ተረት?" ይሏታል እድፍ የሚያስለቅቁት እትዬ። "ምናለ ስለ ኑሮ የሚያስተምር ብታነቢ?"

"ኑሮንማ ስተኩሰው አይደል የምውለው፣ እትዬ! ዘንዶ እኮ አንዴ ከሞተ ሞተ ነው። ሸሚዝ ግን በሳምንቱ ተጨማዶ ይመጣል።"

እንዲህ ትበል እንጂ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ገጽ ፈቀቅ አላለችም። ጀግናው ጦሩን ይዞ ዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ሲደርስ፣ እሷን ድብን ያለ እንቅልፍ ይወስዳታል።

"ምስኪን፣ እሱም እንደኔው ቆሞ ቀረ" ትላለች ስትነቃ።

ዛሬም ወሰዳት። ብንን ስትል የሥራ ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል። ክው አለች። መጽሐፉ ደረቷ ላይ የለም። ቀና ስትል፣ እትዬ በእሷ ካውያ የእሷን ድርሻ ሸሚዝ ይተኩሳሉ። የሸሚዙ ክምር ተጋምሷል። መጽሐፉ ተከፍቶ የውኃ መርጫው ጠርሙስ ላይ ተደግፏል።

"ገባ?" አለች፣ ድምጿ ገና ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ።

"ገባ።"

"ዘንዶውስ?"

እትዬ ካውያውን አቁመው ገጹን በትንሿ ጣታቸው ገለጡ።

"እንዳንቺው ተኝቷል። ምን ያጣድፈናል፣ ይተኛ።"