የልብስ ሰፊዋ ሹራብ

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝ። ደመወዝ ሲዘገይብኝ ድካም ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ጓሮ ያለውን የተማሪዎች አትክልት ቦታ ያለማችው ባለቤቴ ነበረች። እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ቦታውንም አረም ዋጠው። እኔ የቻልኩት ከእሷ እጅ የቀረው የሰላጣ ዘር እንዳይጠፋ በየዓመቱ ያለኝን ሁሉ አንድ መደብ ላይ ዘርቼ ለዘር መተው ብቻ ነው። ለዘር የተተወ ሰላጣ ደግሞ ቁመቱ ደረት ይደርሳል፣ ቅጠሉ ይከሳል፣ አናቱ ላይ ጥጥ ያወጣል፤ ላላወቀው ሰው አረም ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቦታው ዘንድሮ ካልለማ ሲሚንቶ እንደሚፈስበት ሲናገር፣ ወላጆች ተጠራርተው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉኝ። ባልዲና መቆፈሪያ አደልኳቸው። ሰላጣውን እንዳትነኩ ልላቸው ነበር፤ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝና አግዳሚው ላይ አረፍ ስል እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ጓሮው እንደ መዳፍ ጠርቷል፤ የአረሙ ክምር ይነዳል። የሁለት ተማሪዎች አያት የሆነችው ልብስ ሰፊ ላቧን እየጠረገች መጣች።

"ጋሼ፣ ያን ረጃጅሙን አረም ብቻዬን አቅፌ ወስጄ አቃጠልኩልዎት።"

 ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ግን ፊቴን አይታ ካልነገሩኝ አልሄድም አለች። ነገርኳት፤ ባለቤቴንም፣ ዘሩንም፣ እንቅልፌንም።

ጎንበስ ብላ ሹራቧን አየች። ደረቱም እጅጌውም ላይ ዘሩ ከነጥጡ ተጣብቋል። ልንለቅም ሞከርን፤ የእሷን ዓይን መርፌ፣ የኔን ዕድሜ አድክሞታል። ዘሩ ከጣታችን እያመለጠ ሲያስቸግረን ሹራቧን አወለቀች።

"እንዳለ እንቅበረው" አለች።

"ይበርድዎታል።"

"እኔ ሌላ እሠራለሁ። እርስዎ ያችን ሴትዮ ከየት ያመጧታል?"

መደቡ ላይ ዘረጋነውና ስስ አፈር አለበስነው። ስምንት ቀን ወገቤን እያማረርኩ ውኃ አጠጣሁት።

በዘጠነኛው ቀን ከግራ እጅጌው ሁለት ለጋ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋን ልጠራ ብነሳም ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ተመለስኩ። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።