የኋለኞቹ አራት ረድፎች

ሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቶሌራ ሰልስት በሚዋልበት ድንኳን ውስጥ አንድ ላፕቶፕ እንደ ወፍጮ ያጓራ ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው ገርጂ፣ እቤታቸው ደጃፍ ላይ ነው። ላፕቶፑ የሟቹ ነው። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ያልነቀለችው ደግሞ እኅቱ ቢሊሴ ናት፤ ጥቁር ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ኪቦርዱ ላይ ወድቋል።

«አንቺ ልጅ፣ ልቅሶ ቤት ነው ወይስ ቢሮ?» አሏት አጎቷ ጋሽ ወዳጆ፤ የእድሩ ዳኛም እሳቸው ናቸው። «ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል፣ ጋሼ።»

«ዝጊው አልኩሽ!»

«አልዘጋም። ነገ ጠዋት ሥራውን ሊቆርጡበት ነው። አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብረውም።»

ወንድምና እኅት ኦሎምፒያ ካለች ትንሽ ቢሮ ከባልደረባቸው ከአምላኩ ጋር ይሠሩ ነበር። የመጨረሻ ሥራቸው ለኤሌክትሪክ መኪና መሙያ የሚሆን የማቀዝቀዣ ፕሌት ነው፤ የመሙያው ኤሌክትሮኒክ ቺፖች ከላይ ይግላሉ፣ ከሥር ውኃ ፊን በሚሏቸው ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል። ቶሌራ አሥራ ሁለት ረድፍ ፊን ነድፎ፣ በኮምፒውተር ፈትኖ ጨረሰ። ዓርብ ዕለት ልቡ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፕሌቱን ያዘዘችው ሊሊ ልታጽናና መጣችና፣ ክፉ ሳታስብ፣ «አምላኩ ነገረኝ እኮ፤ የኋለኞቹ አራት ረድፎች አይሠሩም አሉ። ይቆረጣሉ። ነፍሱን ይማረው፣ ሰው ነውና ይሳሳታል» አለቻት።

ቢሊሴ አመሰገነቻት፣ ሸኘቻት፣ ገብታ ላፕቶፑን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ፕሌቱን ያለ አራቱ ረድፎች እየፈተነ ነው።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ አምላኩ መጣ። ገና ከድንኳኑ አፍ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ደቃ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ ቢሊሴን ያበገናትም ይኸው ነው። አስቀመጡት፣ ንፍሮ ሰጡት። እሷ የጠበቀችው ንፍሮውን ነው። ንፍሮ ይዞ ተነሥቶ የሚሄድ የለም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጣላም የለም። ላፕቶፑን ታቅፋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አምላኩ፣ የየረድፉን የማቀዝቀዝ አቅም በምን አካፍለህ ነው ያወጣኸው?»

ማኘኩን አቆመ። «ቢሊሴ፣ አሁን? እዚህ?»

«አሁን። እዚህ።»

«ሙቀቱን በፊኑና በውኃው የዲግሪ ልዩነት ነዋ» አለ በሹክሹክታ። «ሌላ በምን ይካፈላል?»

«በየትኛው ውኃ?»

«በሚገባው። ሃያ አምስት ዲግሪ።»

«እኮ! የኋለኞቹ ሃያ አምስት ዲግሪ መቼ አይተው ያውቃሉ? እነሱ ጋ እስኪደርስ ስምንት ረድፍ አሙቆታል። ያላገኙትን ውኃ አስበህ ሰነፎች አልካቸው።»

ከመገናኛ በሚኒባስ ሲመጡ ቶሌራ ጉም በያዘው መስታወት ላይ ረድፎቹን በጣቱ እየሳለ ያስረዳት ነበር፤ እያንዳንዱ ረድፍ የሚለካው አጠገቡ በደረሰው ውኃ ነው ይላት ነበር። ስክሪኑን ወደ አምላኩ አዞረችው። ግራፉ ላይ የሱ መስመር ወደ ኋለኞቹ ረድፎች ሲሄድ ይዘቅጣል። በየረድፉ ውኃ የተሰላው የሷ መስመር ግን አይወርድም፤ ውኃው እየተናወጠ ስለሚሄድ እንዲያውም መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል።

«በሁለቱም ይሰላል» አለ አምላኩ። «የምርጫ ጉዳይ ነው እንጂ ስህተት አይባልም።»

«ታዲያ ለሊሊ ለምን ስህተት አልካት? ምርጫው ያንተ፣ ስህተቱ የሱ?»

ጋሽ ወዳጆ አንገታቸውን አሰገጉ። «በምንድነው የምትነታረኩት?»

«በሞቀ ውኃ ነው፣ ጋሼ።»

«ለሞቀ ውኃ ነው ሰልስቱን የምታምሺው?»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን አፈነች። ያኔ ላፕቶፑ ጸጥ አለ። ጨርሷል። ቢሊሴ አላነበበችለትም፤ ራሱ ያንብበው ብላ ጠበቀች። አራቱ ረድፎች ሲቆረጡ ቺፖቹ 103 ዲግሪ ይደርሳሉ። የሚችሉት 90 ነው። በቶሌራ ንድፍ 84።

አምላኩ ቁጥሮቹን አነበበ።

«ደውልላት» አለችው።

«እሺ፣ ወጣ ብዬ…»

«እዚሁ። ስሙን ጠርተህ ነው ያጠፋኸው፤ ስሙን ጠርተህ አቃናው።»

ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል የጋሽ ወዳጆ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። «ተቀመጥ ልጄ። ንፍሮህን ሳትጨርስ የት ትሄዳለህ? የውኃውን ነገር አላውቅም። የልጄ ስም ሲነሣ ግን ሰምቻለሁ።»

ተቀመጠ። ደወለ።

«ሊሊ… አዎ፣ ልቅሶው ላይ ነኝ። አራቱ ረድፎች አይቆረጡም። የለም፣ የለም፣ ቶሌራ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ስልኩን ሲያወርድ እንደገና አለቀሰ፤ አሁን ግን ድምፅ አልነበረውም።

ቢሊሴ አላለቀሰችም። ጭኗን ያቃጠላትን ላፕቶፕ ዘጋች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «ጨምሩለት» አለች ንፍሮውን እያሳየች።

ፕሌቱ በማግስቱ አሥራ ሁለቱም ረድፎች ሳይነኩ ተሠራ፤ አሁን ቦሌ ሚካኤል በሚገኝ አንድ የመኪና መሙያ ውስጥ ይሠራል።