ከጌጤ ሳንቃ ሥር

ዘካሪያስን የጎዳው እጁ ነው። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን ሌላ ሰውም ነበር፤ ያ ሰው ግን ሥራ ስለማይችል በሰላም ይኖራል። ዘካሪያስ ለሌባ ብሎ፣ ሰው የሱቁን ደፍ ሲረግጥ የምትበራ መብራት ሠራ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ብርሃነመስቀል ሬዲዮኑን ሊወስድ ገባ ሲል፣ ጠረጴዛው ላይ ቀይ መብራት ቦግ አለች። ወጥቶ ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ በራች። ሳቀ። የእሱ ሳቅ ለማንም በጎ አምጥቶ አያውቅም።

«አንድ ለቀበሌው ትሠራለህ። ጌጤ በር ላይ፣ ቦዩን በምታሻግረው ሳንቃ ሥር። መብራቷ እኛ ጥበቃ ቤት ትሁን። እዚያ ቤት ጴንጤዎች ይሰበሰባሉ አሉ።»

ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ፣ እሑድ ከሰዓት ጌጤ ጓዳ ከሚንበረከኩት ስምንት ሰዎች አንዱ ዘካሪያስ ራሱ ነው። እምቢ ቢል ለምን ይባላል። ሥራውን ቢያበላሽ ሰውየው ራሱ ሳንቃው ላይ ወጥቶ ይፈትናል። ወደፊትም ገደል፣ ወደኋላም ገደል።

ሠራት። ሽቦውን በቦዩ ዳር ቀብሮ፣ ከሳንቃው ሥር በቀለበት መሐል ቀጭን ሽቦ አንጠለጠለ። ሳንቃው ሲነቃነቅ ሽቦው ቀለበቱን ይነካል፤ በዚያ የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሁለቱን ትራንዚስተሮች ትቀሰቅሳለች፤ እነሱም ከአሮጌ ቴፕ የነቀላትን ቀይ መብራት አንድ ደቂቃ ያህል ያበሯታል። መጀመሪያ፣ ሰልችቷቸው እንዲተዉት፣ ለዶሮም እንድትበራ አድርጓት ነበር። ብርሃነመስቀል ግን አልሰለቸውም። «ለሰው ብቻ አድርጋት» አለ። ዘካሪያስም ሽቦውን ወፈር ባለ ለውጦ አደረጋት። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ስትሠራለት ደስ አለው።

ለጌጤ ገበያ ላይ ሹክ አላት። «በበር አትግቡ፤ በጓሮ፣ በሙዙ መሐል ግቡ።» ለሁሉም ነገረች። ሁሉም እሺ አሉ፤ ከጋሽ ደበሌ በቀር። ሽማግሌው ከሰባ ዓመት በላይ የቆጠሩ ሸማኔ ናቸው። ሱቁ ድረስ መጡ።

«በበሩ የማይገባ ሌባና ወንበዴ ነው ይላል ቃሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌባ አልሆንም።»

«ጋሽ ደበሌ፣ እሱኮ ስለ በጎች ነው።»

«ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አሉና ሄዱ።

እሑድ ዘካሪያስ መብራቷን እንዲጠብቅ ጥበቃ ቤት ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀመጠ። የጌጤ በር ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ አይታይም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መብራቷ ጭል አላለችም። ብርሃነመስቀል አዛጋ። ዘካሪያስ በሆዱ ማመስገን ጀመረ። ሳይጨርስ በራች።

«ዶሮ ትሆናለች» አለ ዘካሪያስ።

«ለሰው ብቻ አደረግኳት አላልክም?» ሊቀመንበሩ ጥበቃውን ካሱን ጠመንጃህን ያዝ አለው።

ዘካሪያስ ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሽቦው ላልቶ እንዳያሳፍረን፤ መጀመሪያ ልየው።»

«ፍጠን። እኔ መብራቷን አያለሁ።»

ሮጦ በጓሮ ገባ። ጓዳው ውስጥ ስድስቱ ትንፋሻቸውን ውጠዋል፤ ጋሽ ደበሌ ተንበርክከዋል። በጓሮ ይውጡ ቢላቸው፣ በበር የገባሁ በበር እወጣለሁ አሉ። ዘካሪያስ ሊያለቅስ ደረሰ። ጊዜ አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ አዘላቸውና ሳንቃውን ተሻገረ። መብራቷ በሩቅ አንድ ጊዜ በራች። መብራት ሰው አትቆጥርም።

ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ሲያወርዳቸው፣ ሽማግሌው ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ከእንግዲህ በጓሮ ነው። ለአንተ ስል ሌባ ልሁን» አሉ።

ዘካሪያስ ተመልሶ «ላልቶ ነበር፤ አጥብቄ፣ ረግጬ ሞከርኩት» አለ።

«አየሁ፣ በርታለች» አለ ብርሃነመስቀል፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። «ያላንተማ ነፋስ ያጃጅለን ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከሰዓት ቦታህ እዚህ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጌጤ ጓዳ የሚንበረከኩት ሰባት ሆኑ። ስምንተኛው በየእሑዱ ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጦ፣ ዐይኑን ሳይከድን፣ እንዳትበራ እየጸለየ መብራቷን ያያል።