የቦዩ ጣውላ

ኖላዊት ቦዩን በጣውላው ላይ ተሻገረች። እናቷ ሻሺቱ የሙዝ ዘለላ በትከሻዋ እንደያዘች ባለችበት ቀጥ አለች።

ይህቺ ልጅ ሩጫ ከለመደች ጀምሮ ያንን ጣውላ ረግጣው አታውቅም። ውኃ ተሸክማም ቢሆን፣ የእሑድ ልብሷን ለብሳም ቢሆን ቦዩን ትዘለዋለች። አባቷ ይህንኑ አይቶ ነበር ከማረፉ በፊት ደጃቸው ካለው ማንጎ ሥር ሁለት የእንጨት መሰናክል የሠራላት። ዛሬ ግን ቀኝ እግሯን አስቀደመችና ግራውን እንደ ሰው ዕቃ በቀስታ አስከተለች።

«እግርሽን ያምሻል?» አለች ሻሺቱ።

«አያመኝም።»

«ታዲያ ጣውላ ምን አስረገጠሽ?»

«ጭቃ ነው። እንዳያንሸራትተኝ ብዬ ነው።»

«ቦዩ ዳር ጭቃ የሌለበት ቀን አለ?»

ኖላዊት ወደ ቤት ገባች። ሻሺቱም ተከትላ አልጠየቀቻትም። መልሱን ፈርታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኖላዊት አርባ ምንጭ ላለ አንድ ክለብ የመቶ ሜትር መሰናክል ትሮጣለች። ልምምድ ላይ የግራ ተረከዟ ጅማት ተጎዳና ሐኪሙ፣ «ለወራት እንዳትሮጪ፤ ከተበጠሰ ጣጣው ብዙ ነው» አላት። ክለቡ ደግሞ ለማይሮጥ ሰው ደመወዝ አይከፍልም። ያን ሰሞን ወንጌላዊ ዳልጮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጁን ጭኖ ጸለየላት። «ቀለል አለኝ» ብላ ለእናቷ በጆሮዋ ነገረቻት። ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ሻሺቱ ግን ክንዷን ይዛ መድረክ ላይ አወጣቻትና ማይኩን ራሷ ተቀብላ፣ «ልጄ ፈጽማ ድናለች፤ ጌታ ይመስገን» አለች። ልጅቷም ምን ታድርግ፣ መድረኩ ላይ ዘላ አሳየች። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ምእመናኑ አዋጥተው አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዙላት። ወሬው አሰልጣኙ ዘንድ ደረሰ፤ ሲጠይቃትም «ድኛለሁ» ስላለችው ስሟን ወደ ዛሬው ማጣሪያ መለሰው። ዛሬ ሮጣ ካለፈች አዲስ አበባ ለሻምፒዮናው ትሄዳለች። ካልሮጠች ግን ክለቡ ውሏን አያድስላትም።

ወደ ከተማ በባጃጅ ሲሄዱ ጫማው በእናትየዋ ዘንቢል ውስጥ ነበር። ኖላዊት ስልኳን ከፍታ አንዲት የሃንጋሪ ሯጭ ታያለች። አገሩ ሁሉ ረጅም ርቀት ሲሮጥ ይህችን ልጅ ወደ መሰናክል የሳበቻት ያቺ ፈረንጅ ናት። ስሟ ለሻሺቱ ምላስ አልመች ስላላት «ሃንጋሪዋ» ትላታለች።

«ሃንጋሪዋ አሁንም ትሮጣለች?»

«ኧረ አቁማለች፣ እማ። ድሮ ነው ያቆመችው።»

«አርጅታ?»

«እግሯ ነው። እንደኔው ጅማቷን እያመማት ትልቅ ውድድር ገባች፤ መሃል ላይ ተበጠሰባት። ከዚያ ተመልሳ ሞክራለች፣ ግን እንደ በፊቱ አልሆነላትም።»

«እንደኔው» ያለችው አምልጧት ነው። ሻሺቱ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

«ማን ሩጪ አላት?»

«ማንም። ሰው ሁሉ ይጠብቃት ነበራ።»

«እናት የላትም?»

ኖላዊት ስልኩን አስጠጋችላት። «አለቻት። ይቻትልሽ።»

ባንዲራ በሚያውለበልብ ሰው መሃል አንዲት ሴትዮ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች። ልጇ ከታች መሬት ላይ ወድቃለች። መልኳ ሌላ ይሁን እንጂ አፏን የያዘችው እንደ እኛው ሰው ነው። ሻሺቱ ስልኩን ተቀብላ ስታዲየም እስኪደርሱ ያቺን ሴትዮ ስታይ ቆየች።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሚኒባስ ይዘው መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ወንጌላዊ ዳልጮ ተነስቶ ተቀበላት።

«እህት ሻሺቱ፣ ዛሬ የጌታን ክብር እናያለን።»

«አሜን» አለች። ከአፏ ነው እንጂ ከሆዷ አልወጣም።

ኖላዊት ሰውነቷን ለማሟሟቅ ሜዳ ገብታ አንድ መሰናክል ዘለለች። ስታርፍ አቀርቅራ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ወደ እናቷ መጣች።

«ጫማዬን ስጪኝ።»

ሻሺቱ ዘንቢሉን ወደ ጉያዋ ሳበች። «አልሰጥም።»

«እማ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

«ካልሮጥኩ ያባርሩኛል እኮ።»

«ያባርሩሽ።»

«ለነዚህስ ሰዎች ምን እላለሁ?»

«አንቺ ቀለል አለኝ ነው ያልሽው። ድናለች ያልኩት እኔ ነኝ።»

አሰልጣኝ አስናቀ ፊሽካው አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ መጣ። «እትዬ ሻሺቱ፣ ምንድን ነው? ልጆቹ ተሰልፈዋል።»

«አልዳነችም።»

«ራሷ ድኛለሁ ብላኛለች እኮ።»

«አልዳነችም አልኩህ።»

አስናቀ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ያምሻል?»

ኖላዊት ጥላው ሥር ያሉትን ሰዎች አየች። ዘንቢሉንም አየች። ከዚያ አዎ ለማለት አንገቷን ነቀነቀች።

«ክለቡ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ» አለች ኖላዊት።

እሱ ሲሄድ ወንጌላዊው ቀረበ። «እህቴ፣ ምነው እምነት ጎደለ? ሕዝቡ ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። ወንጌላዊ፣ እሑድ ማይኩን ይስጡኝ። ያኔም የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ዳልጮ ፊቱን አዙሮ ወደ ጥላው ተመለሰ። የማስጀመሪያው ሽጉጥ ተተኮሰና ሌሎቹ ሮጡ። ለኖላዊት በተመደበው የመሮጫ መስመር ላይ መሰናክሎቹ እንደቆሙ ቀሩ። የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ሳይተያዩ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

እናትና ልጅ በባጃጅ ወደ መንደራቸው ጫኖ ተመለሱ። ቦዩ ጋ ሻሺቱ ቀድማ ተሻግራ እጇን ዘረጋች። ኖላዊት እጁን ሳትይዝ ጣውላው ላይ ወጣች። ጣውላው መሃሉ ላይ ሲረግብ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ ቆመች፤ ከዚያ በግድ ተሻገረች።

ሻሺቱ መዶሻ አመጣች። ማንጎው ሥር ሄዳ የአንደኛውን መሰናክል የላይ ጣውላ ምስማሩን ትነቅል ጀመር።

ኖላዊት ደጃፉ ላይ ቆመች። «አባዬ የሠራው እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። የቦዩ ጣውላ ጠባብ ነው፤ ለሚያም እግር አይሆንም።»

ነቅላ ወስዳ ከአሮጌው ጣውላ ጎን አጋደመችው፤ ወጥታም ረገጠችው። አልረገበም። ተመልሳ መዶሻውን ሁለተኛው መሰናክል ላይ አነሳች።

«እሱን ተዪው» አለች ኖላዊት።

ሻሺቱ ዞራ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ግን የምታየው መሰናክሉን ነበር።  መዶሻውን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ጠዋት ጥላው የሄደችውን ሙዝ ልታነሳ ሄደች።