በዛወርቅ የፊት ፍሬን የያዘች ዕለት

ቦንጋ ውስጥ የሞተር የፊት ፍሬን ለጌጥ ነው። ጭቃችን እንኳን ሞተር ኤንትሬ የሚባለውን ትልቅ መኪናም ይውጣል። ሺሺንዳ መንገድ ላይ በሐምሌ የሰመጠ አንድ የጭነት መኪና በመስከረም ዋጫ ከተማ ላይ ብቅ አለ፤ ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ጺሙ ደረቱ ደርሶ ነበር። እኔ መኪናውን አላየሁም፤ ጺሙን የላጨውን ሰው ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ባለ ጭቃ ላይ የፊቱን ፍሬን ጭምድድ ካደረግህ ሞተሯ ትቆማለች፣ አንተ ግን ጉዞህን ትቀጥላለህ። ስለዚህ እኛ አገር አዲስ ሞተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ይታወቃል፤ ከእጀታው እስከ ጎማው የሚወርደውን የፊት ፍሬን ካቦ ማላላት ነው። እጅ ቢሳሳት እንኳ የሚይዘው ነገር እንዳያገኝ። ሥራው የኔ ነበር። የከብትና የሰብል ባለሙያዎች ከሚሠሩበት ግቢ ፊት ለፊት ጎሚስታ ስላለኝ የግቢውን ሞተሮች ሁሉ አላልቼ ነው ለባለቤቶቻቸው ያስረከብኳቸው፤ ምርቃትም ተቀብዬበታለሁ።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲገባ፣ ሳሙኤል የሚባል መካኒክ ባዶ ኢሱዙ አስከትሎ ከአዲስ አበባ መጣ። የግቢውን ቀያይ ሞተሮች የሠራው ፋብሪካ የአንዳንዶቹ የፊት ፍሬን ካቦ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ይበጠሳል፣ የተሸጡት ሁሉ ይመርመሩ ብሏል። ሳሙኤል የሰብል ባለሙያውን የፈለቀን ሞተር ያዘና እጀታውን ጨበጠ፤ ምንም። ሁለተኛዋን ጨበጠ፤ ምንም።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ሁሉም ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም፤ ላልቶ ነው» አለ ፈለቀ።

«ማነው ያላላው?»

ሁላችንም ወደ ሰማይ አየን። ዝናብ ያንዣበበ ይመስል ነበር።

ሳሙኤል ካቦዎቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ቀጥሎ ሕጉን ነገረን። «ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ባለሞተሩ ራሱ ከዚህ ቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ ይወርድና በፊቱ ፍሬን ብቻ ያቆማታል። ካቦው ከቻለ ሞተሯ ትቀራለች። ከተበጠሰ ወይም ያልሞከረ ሰው ካለ፣ ሞተሩን ኢሱዙው ላይ እጭናለሁ። መለዋወጫ ሲመጣ ትመለሳለች።»

«መቼ?» አለች በዛወርቅ።

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

በዛወርቅ የከብት ሐኪማችን ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ሞተሯ ላይ ስትወጣ ከሩቅ ያያት ሰው ሞተሯ ብቻዋን ወጥታ የምትሄድ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህችን ሴት በሬ ቀንዱን ይዛ ስትመክር አይቻታለሁ፤ በሬውም ይሰማታል። የዚያን ዕለት ጠዋት ጋሽ ሀብተ ማርያም ከማንኪራ በእግራቸው ገስግሰው መጥተው በሩ ሥር ተቀምጠዋል። በሬያቸው ማታ ሲግጥ ነበር፣ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አባ ሰንጋ ነው። ጎረቤቶቻቸው የቀሩትን ከብቶች አስረው ሐኪም ይጠብቃሉ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተደርጎ ከሞተሯ ኋላ ታስሯል፤ በረዶው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ጠብ ጠብ ይላል።

«ልጄ፣ በሬ አንዱ ሄደ። ሌላው እንዳይሄድ» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም። 

በዛወርቅ መጀመሪያ ወረደች። ቁልቁለቱ ገረጋንቲ ፈሶበታል፤ ግርጌው ላይ ኢሱዙው የኋላ በሩን ከፍቶ እንደ አዞ ይጠብቃል። መሐል ላይ ስትደርስ ሞተሯ ቀጥ አለች። አጨበጨብን።

ሳሙኤል ራሱን ነቀነቀ። «በእግርሽ ነው ያቆምሻት። የኋላውን ፍሬን ረገጥሽ።»

«እኔ? እኔ እግሬን አላዘዝኩትም!»

ተመልሳ ወጥታ እንደገና ወረደች። አሁንም እግሯ ቀደማት። የለመደ እግር እንደ ለመደ በቅሎ ነው፤ ልጓም ቢይዙት እንኳ የሚያውቀው ቤት ጎራ ይላል።

ፈለቀ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ዶክተር፣ እግርሽን እኛ ጋ ትተሽው ውረጂ!»

«ያንተን ተራ እናያለን፣ ባለ ጤፉ» አለችው። 

ሳሙኤልም መጥፎ ሰው አይደለም፤ «ሌላ አንድ ጊዜ ሞክሪ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም» አለ።

እሷ ሞተሯን እየገፋች ወደ ላይ ስትወጣ እረዳታለሁ ብዬ ከኋላ ገባሁ። ከዚያ ጎንበስ አልኩ። የኋላውን ፍሬን ዘንግ የያዘችውን ዳዶ፣ ያቺን ትንሽ የብሎን ማሰሪያ፣ በሁለት ጣቴ ፈታኋትና ሌላ መደበቂያ ስላጣሁ አፌ ውስጥ ከተትኳት። እግሯ የሚረግጠው ካጣ ለእጇ ሥራ ይገኛል ብዬ ነው። ለራሴ ሳስበው እጅግ ብልህ ነበርኩ።

በዛወርቅ ከመነሣቷ በፊት ሁልጊዜ የእግር ፍሬኗን ትፈትሻለች፤ ይህን ረስቼው ነበር። ረገጠችው። ፔዳሉ እስከ ታች ወርዶ ቀረ። ዞር ብላ ጎማውን አየች፤ ዘንጉ ተንጠልጥሏል። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጉንጬ ተነፍቷል።

«ሰብሃት፣ ምን ትበላለህ?»

«እም» አልኳት።

አሁን ትጮኻለች፣ ሳሙኤል ይሰማል፣ እኔም ጎሚስታዬም አንድ ላይ ኢሱዙ ላይ እንጫናለን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ቁልቁል ኢሱዙውን አየች፤ ጋሽ ሀብተ ማርያምን አየች፤ የበረዶ ውሃው ሲንጠባጠብ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«በደንብ አላምጠው» አለችኝና ሞተሯን ለቀቀቻት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ለመቀለድ እንጂ ለመሞት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። የኋላ ፍሬን እንደሌላት እያወቀች ቁልቁለቱን ስትወርድ ዳዶዋን ልውጣት ምንም አልቀረኝም። መሐሉን አለፈች። እግሯ እንደ ልማዱ ረገጠ፤ ምንም አላገኘም። ሳሙኤል «ያዢ! ያዢ!» እያለ ጮኸ።

ያዘች። እኛ እንደምንፈራው ጭምድድ አድርጋ አይደለም። ላም እንደሚያልብ ሰው፣ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው እያጠበቀች ነው የያዘችው። ሞተሯ አንገቷን ደፋች፣ ገረጋንቲው ተንጫጫ፣ የኋላው ጎማ ልነሣ ልተው እያለ አመነታ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። በጎማዋና በኢሱዙው በር መካከል መዳፍ ብታስገባ ጣትህ ይላጥ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። 

ሳሙኤል ካቦውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰ፤ እጀታውን ተንጠልጥሎበት ሳበ፤ ቻለ። በጠመኔ የቤንዚን ታንከሯ ላይ ምልክት አደረገላት። ቀና ሲል የተንጠለጠለውን ዘንግ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«የኋላ ፍሬን አልነበረሽም እንዴ?»

«አንተ የጠየቅኸኝ የፊቱን ነው» አለችው።

እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ዳዶዋን ተፍቼ ሰጠኋት። በቀሚሷ ጠርጋ ራሷ አሰረቻት፤ ሁለት ጊዜ ረግጣ ፈተሸች፤ የበረዶ ሣጥኑን ገመድ አጠበቀች። ጋሽ ሀብተ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው ይዘው ከኋላዋ ሞተሯ ላይ ወጡ።

«ልጄ፣ የቱ ነው የሚያቆመን? ፊቱ ነው ኋላው?»

«ሁለቱም፣ ጋሽዬ። ወገቤን ያዙ።»

«እንግዲያ እኔም በሁለት እጄ ልያዝ» አሉ።

ወደ ማንኪራ የሚወስደው ኩርባ ከግቢው በር ይታያል። ሁላችንም ወጥተን አየን። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሞተሯ ቀስ ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገች። በዛወርቅ ማንም ሳያዛት የፊቱን ፍሬን ይዛ ነው። ከዚያ ዛፉ ጋረዳቸው።

ቀጣዩ ተራ የፈለቀ ነበር። ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም። በክርኑ ጎሸም አደረገኝና በጆሮዬ፣ «ሰብሃት፣ የኔንም የኋላ ዳዶ ፍታልኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«እሷ እንዲያ አድርጋ የለ!»

«እሷ ስለሆነች ነዋ» አልኩት። እሱም ተራውን ሊይዝ ሞተሩን እየገፋ ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ በዛወርቅ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትመለስ ሣጥኗ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በማንኪራ በአባ ሰንጋ የወደቀ ከብት አልሰማንም። በሬዎቹ የሞተሯን ድምፅ ሲሰሙ ለመርፌ ራሳቸው ተሰለፉ፣ አንዱ ወይፈንም ሁለት ጊዜ ለመወጋት ተደብቆ ዞሮ መጣ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለ ቁልቁለቱ ግን ምንም አልጨመርኩም፤ የሚጨመር አጥቼ ነው።