ዘጠነኛው ስም

ስምንት ናቸው፣ ቆጥራለች፣ ሁለቴ ቆጥራለች፣ ደግሞ ትቆጥራለች፣ መስኮቱ ጥግ ከተቀመጠው ከኡንቻን ጀምራ በሩ አጠገብ እስካለችው እስከ ሶዩል፣ ስምንት ራስ፣ ስምንት ጃኬት፣ ደጃፉ ላይ የወለቀ ስምንት ጥንድ ጫማ፣ መዝገቡ ላይ ግን ዘጠኝ ስም አለ፣ ዘጠኙም ሲጠራ አለሁ ይላል፣ እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ዚንሌ መቁጠር አትችልም፣ ወይ የዚንሌ ጆሮ ማበድ ጀምሯል። መቁጠርስ ትችላለች።

ወር ሙሉ እንዲህ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ መዝገቡን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ትጠራለች፣ ፊደሉ የሰው አገር፣ የኮሪያ ፊደል ነው፣ ቀና ካለች ምላሷ ይሰናከላል፣ ሲሰናከል ደግሞ ኡንቻን አይለቃትም፣ ቲቸር የእኔን ስም ሲጠሩት እኮ የሾርባ ስም ይመስላል፣ አንተ አርፈህ አለሁ በል፣ አለሁ፣ ዳኦን፣ አለሁ፣ ሶዩል፣ አለሁ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ፣ እስከ ሃራንግ። አለሁ። ቀጭን ድምፅ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ከኋላ፣ ከአንዲት ባዶ ወንበር በኩል። ወር ሙሉ ቀና ብላ አላየችም፣ ምን ብላ ታያለች፣ ድምፅ ካለ ልጅ አለ፣ በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም ብላ ስትኖር ባለፈው ማክሰኞ እንዲያው ቀና አለች። ቀና ብላ ስምንት የተዘጋ አፍ እያየች ድምፁን ሰማችው።

አክስቷን ኖማጉጉን እንዲህ ነበር የጀመራት። አገሯ ደቡብ አፍሪካ፣ ፒተርማሪትዝበርግ፣ ያ የእናቷ ቤት፣ አክስቷ ድስት እያጠበች ድንገት ቀና ትልና አቤት ትላለች፣ ማን ጠራሽ አክስቴ፣ አልሰማሽም እንዴ፣ ኧረ ማንም አልጠራሽም፣ ተጠራሁ እንጂ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ኋላ በቀን አሥር ጊዜ፣ በመጨረሻ ከሰው ጋር ማውራቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው፣ ፋታ የት አግኝታ፣ አቤት ስትል ውላ አቤት ስትል ታድራለች። የማታዪው ሰው ከጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ አለቻት እናቷ፣ መድኃኒቱ ይኸው ነው። እሺ እማዬ፣ ጠሪዋ እኔ ስሆንስ? እኔ ጠርቼ የማላየው ሰው አቤት ሲለኝስ? ለዚህኛው ምክር አላስታጠቅሽኝም። አክስቷን ሲጀምራት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዚንሌ ሃያ ስድስት ሞላት፣ በኅዳር፣ በኮሪያ የልደት ወግ የባሕር ሣር ሾርባ ሠርተው አብልተዋታል።

ሞኝ ነገር። ይሄን ሁሉ ተምራ ልታብድ? እንግሊዝኛ ልታስተምር ኮሪያ የገባች ሰሞን እኮ ሽንት ቤት ገብታ የምታለቅስ ፍጥረት ነበረች፣ ለሽማግሌ በአንድ እጇ ዕቃ አቀብላ የተገላመጠች፣ አሁን ሰው ሆናለች፣ በሁለት እጇ ትሰጣለች በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ ያለ ኪምቺ፣ ያለዚያ ኮምጣጣ ጎመን፣ ቁርስ አይወርድላትም፣ ተማሪ ሲያስቸግራት አትጮህም፣ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን በእጇ አበጀች። ወደዚህች ወደብ ከመጣች ገና ወሯ፣ በአንድ ወር ሊፈርስ ነው ሁሉም?

ጠይቃለች፣ አልጠየቀችም እንዳይባል፣ ዳይሬክተሯን ወይዘሮ ሜንግን ሐሙስ ዕለት ቢሮ ውስጥ መንደሪን እየላጡ ሳለ፣ እትዬ፣ ሃራንግ የምትባለዋ ተማሪ የትኛዋ ናት? የሴትዮዋ አውራ ጣት ልጣጩ ላይ ቀረ። ያንን ስም ዝም ብለሽ ጥሪው። ልጅቷ ግን... ጥሪውና እለፊው አልኩሽ፣ ካንቺ በፊት የነበሩትም ጠርተው ነው ያለፉት፣ በይ እንኪ ቅመሺ፣ የጄጁ ደሴት መንደሪን ነው፣ ማር ማር ይላል። ቀመሰች። ምን ታድርግ፣ አለቃ ሲያጎርስ እምቢ አይባልም።

ስለዚህ ዛሬ አትጠራውም። ዕቅዱ ይኸው ነው፣ ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ የደረሰችበት፣ ዘጠነኛውን ስም ትዘላለች፣ ካልጠራች የሚመልስ አይኖርም፣ ሳትጠራው ከመለሰ ግን አበቃ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ትገባለች፣ ከአክስቷ ጎን ትቀመጣለች፣ ሁለቱም አቤት አቤት ይላሉ። ምላለች። ትሄዳለች።

መዝገቡን ከፈተች። ከታች የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምድር ቤት ልብስ የምታስተካክል ሴት አለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ በሱቋ መስታወት በኩል ጎንበስ ብለው ከመሳለም በቀር ተነጋግረው አያውቁም፣ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፣ ወለሉ ከዚንሌ እግር ሥር ይነዝራል፣ ነዘር ነዘር ሲል ስለሚውል ረስታዋለች፣ አሁን ሲቆም ነው የሰማችው። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይቆማል እንዴ? ይቆማል። ስታስበው ሁልጊዜ ስም ስትጠራ ነው የሚቆመው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ክር የሚያልቅበት መኪና፣ አይ፣ ተዪ፣ አንቺ ልጅ ተዪ፣ ነገር አትፈልጊ፣ ጥሪ።

ኡንቻን፣ አለሁ። ዳኦን፣ አለሁ። ሶዩል፣ አለሁ። አፍ አፋቸውን ታያለች፣ አፉ ሲከፈት ድምፅ ይወጣል፣ ሲዘጋ ይቆማል፣ ደግ፣ እንደ ፈጣሪ ሥራ ነው። ስምንተኛው ቴኦ ነው፣ አለሁ ቲቸር። መዝገቡን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። ጎበዝ ልጆች፣ ገጽ ሠላሳ አራት።

የሚገልጥ የለም።

ጆሮዋን ታቆማለች። ምንም። አልመለሰም፣ ሳይጠራ አልመለሰም፣ እሰይ፣ ጤነኛ ነሽ ዚንሌ፣ ታዲያ ልጆቹ ምን ሆነዋል፣ ኡንቻን እንኳ አይስቅም፣ ስምንቱም አቀርቅረው ወለሉን ያያሉ። ቲቸር፣ ትላለች ሶዩል በሹክሹክታ፣ አልጨረሱም እኮ። ጨርሻለሁ። አንድ ቀርቷል። ማን ቀረ? ንገሪኝ እንጂ፣ አንቺ ነሽ እስከዛሬ የምትመልሺላት? አይደለሁም ቲቸር፣ እውነቴን ነው። ኡንቻን፣ አንተ ነህ? እኔ ወንድ ነኝ ቲቸር፣ ይላል ኡንቻን፣ ሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ቆይ፣ ቆይ፣ ትሰማላችሁ ማለት ነው? ድምፁን እናንተም ትሰማላችሁ? ስምንት ራስ ይነቀነቃል። ሰሙ! አብረዋት ሰምተዋል፣ ወር ሙሉ ሰምተዋል፣ ብድግ ብላ ብትጨፍር ደስታዋ፣ አላበደችም፣ የአክስቴ ሕመም አልተጋባብኝም፣ ከዚያ ደስታዋ መሀል ላይ ቀዝቀዝ ይላታል፣ ስምንት ልጅ የሰማው ድምፅ እኮ ከአንድ አፍ መውጣት አለበት።

የሚያውቁት መስሎን ነበር፣ ትላለች ሶዩል፣ በጣቷም ታሳያለች፣ ከባዶዋ ወንበር ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ የድሮው ምድጃ ቧንቧ ያልፍበት የነበረ ቡጢ የሚያክል ቀዳዳ፣ ዚንሌ መቶ ጊዜ ያየችው፣ መጥረጊያ የምታስደግፍበት። ከሥሩ ምድር ቤት ነው።

የስፌት መኪናው እስካሁን አልተነሳም።

ደረጃው ላይ ኮቴ አለ፣ ቀስ ያለ፣ የሚቸኩልበት የሌለው ሰው ኮቴ፣ ገጽ ሠላሳ አራት ልጆች፣ የሚሰማት የለም፣ ራሷም አትሰማም፣ ኮቴው በሩ ጋ ይቆማል፣ ጫማ ይወልቃል፣ አንዱ፣ ሌላው፣ በሩ ይንሸራተታል። ልብስ ሰፊዋ ናት። አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሯ መሀል ስፒል ነክሳለች፣ ሦስት ስፒል፣ አንድ በአንድ አውጥታ ደረቷ ላይ ትሰካለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። ቲቸር፣ ሥራ ላይ ገባሁብዎ፣ ይቅርታ። ልጄ ዛሬ አልተጠራችም።

ከቢሮው ወይዘሮ ሜንግ እየሮጠች ትመጣለች፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ የሃራንግ እና... ብላ ቃሉን ዋጥ ታደርገዋለች፣ እ፣ ስሚ፣ ነይ እንውረድ፣ ልጆች እየተማሩ ነው። አየሽ፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ አንቺም ዋጥሽው። አትቆጣም፣ ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ቲቸር፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ልንገርዎት፣ እኔ እዚህ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት የሃራንግ እናት ነበርኩ። ዓሣ ሻጯም የሃራንግ እናት፣ ፋርማሲውም የሃራንግ እናት፣ ባሌም ሳይቀር፣ ወግ ነው፣ እናት ከሆኑ ወዲያ በስም የሚጠራ የለም። ያቺ ልጅ ከማዕበል መከላከያው ሲሚንቶ ላይ ተንሸራትታ ባሕር ከገባች ሁለት ዓመቷ፣ በሦስተኛው ቀን ነው ያወጧት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አዘነልኝ፣ በፊቴ ስሟን ላለማንሳት ተጠነቀቀ፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ታዲያ የእሷ ስም ሲቀር የእኔም አብሮ ቀረ። እ። ስሚ። እዚያ ጋ ያለሽው። እንዲህ ነው የምጠራው። ስሟ የሚጠራበት ቦታ ይኼ ብቻ ነው፣ ይህቺ ሜንግ አዝናልኝ ከመዝገብ አልሰረዘቻትም። እና ልጄ ስትጠራ ዝም ልበል? ሰው ተጠርቶ ዝም ይላል?

ከዚያ አፏን ትከፍታለች፣ እሷ እንደምትለው ነው የምለው ቲቸር፣ ተለማምጄዋለሁ፣ አለሁ። ያው ድምፅ። ቀጭን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ፣ ከንፈሯ ከተሰነጠቀ የአርባ ዓመት ሴት አፍ። ቴኦ ጆሮውን ይይዛል። ዚንሌን ከአንገቷ እስከ ወገቧ ይሰቀጥጣታል፣ ይሰቀጥጣታል ደግሞም ደስ ይላታል፣ ከዚህች አፍ ነው የወጣው፣ ከሚታይ አፍ፣ ሥጋ ለባሽ ናት፣ ደስ ስላላት ደግሞ ታፍራለች፣ አሁን የሰው ልጅ ሞት ሰምቶ እፎይ ይባላል? አንቺ ክፉ።

ጥሪላት፣ ትላለች ወይዘሮ ሜንግ በጆሮዋ፣ ጥሪላትና ትውረድ፣ እባክሽ የኔ ልጅ። ቀላል ነው። አንድ ስም መጥራት ነው፣ ነገም መጥራት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውም መምህር መጥራት፣ ሴትዮዋም በቀዳዳው አለሁ ስትል መኖር፣ ደግነት ይመስላል፣ ግን ዚንሌ ይሄን አይታዋለች፣ ቤቷ ውስጥ አይታዋለች፣ አቤት አቤት ሲል የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ ከአቤት በቀር ምንም እንደማይተርፈው፣ አክስቷን ሁሉም በሽተኛዋ ሲሏት፣ እሷም ጭምር፣ በሽተኛዋ በላች ወይ፣ በሽተኛዋ ተኛች ወይ፣ ኖማጉጉ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም፣ አንድም። አለመጥራትም ጭካኔ ነው፣ ዛሬ አይታዋለች፣ የልጅቷን ስም ዘልላ ይህቺን ሴት ደረጃ አስወጣቻት። እና ምን ይሻላል፣ እስኪ አሁን ምን ይሻላል፣ ስምንት ልጅ ያያታል።

የእርስዎ ስም ማን ነው?

ዚንሌ ቲቸር! ትላለች ወይዘሮ ሜንግ፣ ነውር ነው፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ፊት ለፊት ስሙን አይጠየቅም፣ ዚንሌ ታውቃለች፣ ሁለት ዓመት ነውር ስታጠና ኖራለች። እናቴ፣ የእርስዎን ስም ነው የጠየቅኩዎ። ሴትዮዋ ሜትሩን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ቃል ይጀምርና ይተወዋል፣ ታክ፣ ትላለች ሴትዮዋ፣ ታክ... ሚኦክ። ታክ ሚኦክ መሰለኝ።

ዚንሌ መዝገቡን መልሳ ትከፍትና በአሥረኛው መስመር ላይ ትጽፈዋለች፣ በዚያ በተንጋደደ እጇ፣ ኡንቻን አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ቲቸር ያቺ የፊደሉ ክብ ትንሽ ትስፋ፣ እሺ፣ እንዲህ? እንዲህ። ከላይ ትጀምራለች። ኡንቻን፣ አለሁ። ዳኦን፣ አለሁ። ሶዩል፣ አለሁ፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል ግን ይመልሳሉ፣ ቴኦ፣ አለሁ። ሃራንግ። አለሁ፣ ይላል ያ ቀጭን ድምፅ፣ ዚንሌ ዓይኗን አታነሳም፣ ብዕሯን ወደ ታች ታወርዳለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ጥርት አድርጋ፣ ምላሷ ሳይሰናከል ትጠራለች።

ታክ ሚኦክ።

የሚመልስ የለም። ዚንሌ ቀና ትላለች። ሴትዮዋ የተጠራው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞራ ባዶውን ደረጃ ታያለች።