የተለጠፉት ፊደላት

አሜልበርጋ የይለፍ ቃሏን ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ሦስተኛውንም ከሳተች የነርሶች ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ እስከ ነገ ይዘጋባታል። የመመረቂያ ጽሑፏ ደግሞ እዚያው ውስጥ ተቀምጦ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካልተላከ ዓመቱ አበቃ። በአርባ ስምንት ዓመቷ፣ ትራም እያጸዳች የተማረችው ትምህርት ገደል ገባ ማለት ነው! አሁን ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ስልክ አያነሳም፤ የእሷም ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም።

ድመቷ ትናንት ኮምፒውተሯ ላይ ቢራ ደፋችበትና ጥገና ገባ። እስኪወጣ መሸጋገሪያ ይሁነኝ ብላ ነው ጌንት ከተማ ውስጥ ድልድዩ አጠገብ ካለው ከሙሴ ፊርሚን ሱቅ አሮጌ ላፕቶፕ ልትገዛ የመጣችው።

"ለሁለት ሳምንት ይበቃሻል፤ ከዚያ በር ማስደገፊያ አድርጊው" ብሏት ነበር ሽማግሌው፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ሲከፍትላት።

አሁን ቀልዱ ጠፍቶበታል። "የይለፍ ቃሉን ንገሪኝና እኔ ልጻፈው።"

"አላውቀውም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ጣቶቼ ናቸው የሚያውቁት፣ ሙሴ። ልጅ ሳለን የትምህርት ቤታችን መነኮሳት እጃችንን በጨርቅ እየሸፈኑ ነው በታይፕ መጻፍ ያስተማሩን። ፊደሉን አይቼ አላውቅም።"

ያልነገረችው ሌላ ነበር። እናቷን መርሳት የጀመራት ልክ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን በሯ ላይ ቆማ የመግቢያው ቁጥር ጠፋት። ከዚያ የልጇ ስም ጠፋት። እኔንም ጀመረኝ እንዴ?

"በይ ሞክሪ እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ!"

"ዝም ይበሉኝ! አንዴ ብቻ ነው የቀረኝ!"

እስኪ ጣቶቼን ልፈትናቸው ብላ ባዶ ገጽ ከፈተች። ዓይኗን ጨፍና የገዛ ስሟን ጻፈች። ስትገልጠው ስሟ የለም። በ"ኤ" መጀመር የነበረበት በ"ኪው" ይጀምራል፤ የቀረውም ዝብርቅርቁ ወጥቷል።

"ወይኔ! ስሜንም ረሳሁት!"

ፊርሚን ጎንበስ ብሎ አየና እስከ ጆሮው ቀላ። በጥፍሩ "ኤ" የሚለውን ፊደል ከቁልፉ ላይ ላጠው። ተለጣፊ ኖሯል፤ ከሥሩ "ኪው" ወጣ።

"ማሽኑ የሆላንድ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እነሱ ፊደላቸው የሚቀመጥበት ቦታ ከእኛ ይለያል። የሆላንድ ነው ብል እዚህ ማን ይገዛዋል? የእኛን ለጠፍኩበት። ላዩን ቀየርኩና ውስጡን..."

"ይቀይሩታ! ምን ያወራሉ!"

የፊደሉን አቀማመጥ ከማሽኑ ውስጥ አስተካከለው። ለስድስት አራት ጉዳይ ሆነ። አሜልበርጋ እንደገና ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ፣ አደራሽን፣ አለች በልቧ። ጣቶቿ ሮጡ።

ተከፈተ። ላከችው። "ጽሑፍዎ ደርሶናል" የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበበች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወልም አሁንም እያነበበች ነበር።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ ፊርሚን። "ውስጡን መቀየር ረሳሁት። አርጅቻለሁ።"

ቀና ብላ አየችው፤ እንባዋ እየወረደ ነው።

"ማነው የረሳው?"

"እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።"

"እስኪ ድገሙልኝ፣ ሙሴ።"

"ምን ነካሽ? እኔ ነኝ የረሳሁት!"

"አንድ ጊዜ ብቻ" አለች እጁን ጭምቅ አድርጋ፤ "አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ።"